ፊሽካው ተነፋ፣ ክላይቭ ግን አልለቀቀም

ውድ ሞርፊድ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። መልሱ የዘገየብሽ ረስቼሽ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ልጽፍልሽ ቁጭ ስል ክላይቭ ይጠራኛል፤ እሱን አስተኝቼ ስመለስ ደግሞ ዓይኔ ይከደናል። ዛሬ ልጃችን ሊንዚ አባቷን ፀጉር ልታስቆርጠው ይዛው ስለወጣች ቤቱ ጭር ብሏል። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጌ፣ ሻዬን ቀድቼ ተቀምጫለሁ። ውጭው አንቺ እንደምታውቂው ነው፤ ኦልድሃም ላይ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል?

ስለ አንጋፋዎቹ የብስክሌት ሻምፒዮና ጠይቀሽኛል። «ፖሊንን ጣልሻት ወይስ እንደ ልማድሽ እጅ ነሥተሽ አሳለፍሻት?» ነው ያልሽው። ኒውዚላንድ ድረስ ሄደሽም ምላስሽ አልዶለዶመም። ውጤቱን ከሰው ሰምተሽ ይሆናል። የሆነውን ግን ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ እዚያው የነበሩት እንኳ መውደቄን እንጂ ሌላውን አላዩም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ ስትሄጂ ክላይቭ ገና ቀኝ እጁ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። «ብርድ ነው» ይል ነበር፤ በበጋም ብርድ ነው ይል ነበር። አሁን ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዳንዴ አገጩም። ከመንቀጥቀጡ የባሰው ግን መድረቁ ነው። በር ላይ ሲደርስ እግሩ ከወለሉ ጋር የተሰፋ ይመስል ቀጥ ብሎ ይቀራል። የያዘውን ኩባያ ላስቀምጠው ሲል ጣቶቹ እምቢ ይሉታል። መድኃኒቱን ሲውጥ ለጥቂት ሰዓት የድሮው ክላይቭ ይመጣል፤ ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ ደረጃ ይወጣል። ከዚያ መድኃኒቱ ያልቅና እሱም አብሮ ይሄዳል።

አለብሰዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ በአንድ ጎኑ ተኝቶ ሲያመው አገላብጠዋለሁ። ልምምዴን የምሠራው ጋራዡ ውስጥ፣ ብስክሌቴን ቦታው ላይ በሚያሽከረክረው ማሽን ነው፤ መሪው ላይ የሕፃን ድምፅ የሚሰማበትን መሣሪያ አስሬ፣ ክላይቭ ከሳሎን ሲጠራኝ እንድሰማው። ሰው ሁሉ «አንቺማ ልዩ ሴት ነሽ» ይለኛል። የሥጋ ሻጩ ሳይቀር! ይህን ቃል መስማት እንዴት እንደሰለቸኝ ብታውቂ። እኔ ልዩ ሴት መሆን አልፈለግሁም፤ መተኛት ነው የፈለግሁት።

ከመጀመሪያው ውድድሬ ጀምሮ መነሻው መስመር ላይ የሚይዘኝ ክላይቭ መሆኑን ታውቂያለሽ። እግራችን ከፔዳሉ ጋር ተቆልፎ፣ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ላይ ተቀምጠን፣ የሚይዘን ሰው ከሌለ እኮ እንደ ጆንያ ነው የምንወድቀው። አንድ እጁ ኮርቻዬ ሥር፣ ሌላው ወገቤ ላይ፤ ፊሽካው ሲነፋ ገፋ አድርጎ ይለቀኛል። አንቺን ባልሽ ኤምሪስ፣ እኔን ክላይቭ ይዘውን ጎን ለጎን ቆመው ስለ ራግቢ ሲጨቃጨቁ ትዝ ይልሻል? አንድ ጊዜ ጭቅጭቁ ስቧቸው ፊሽካውን ሳይሰሙት ቀርተው ዳኛው ሁለተኛ ነፋ። አንቺ ዞረሽ ኤምሪስን የጠራሽበትን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ታዲያ ሻምፒዮናው ሲቃረብ ሊንዚ መጣችና «እማዬ፣ ለሁለት ቀን አባዬን እንክብካቤ ቤት እናስገባው፤ አንቺም በሰላም ተወዳደሪ» አለችኝ። በጆሮዬ ነው የነገረችኝ፤ ግን ክላይቭ ሰማት። ጆሮውን እንደሆነ አላመመውም።

«ማን ሊይዛት ነው?» ብሎ ከሳሎን ጮኸ።

«ሌላ ሰው ይይዛታላ፣ አባዬ።»

«እኔ ካልያዝኳት አትነሣም። ጠይቂያት!»

ሊንዚ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበል? «እውነቱን ነው» አልኳት። በልቤ ግን አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ማንንም ሳልደግፍ ከቤቴ ወጥቼ መግባት ነበር ምኞቴ። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ላንቺ የምነግርሽ የምታውቂው ስለሚመስለኝ ነው። ኤምሪስ አልጋ በያዘበት ጊዜ አንቺ ፀጉርሽን ታጥበሽ፣ ከንፈርሽን ተቀብተሽ እየመጣሽ ታሸንፊኝ ነበር። «ይህች ሴት ጉልበቱን ከየት ነው የምታመጣው?» እያልኩ ቤቴ እገባ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ብስክሌቱ ላይ ትወጪ የነበረው ለማረፍ ይመስለኛል። እንደዚያ ነበር? ጠይቄሽ አላውቅም፤ አንቺም አልነገርሽኝም። አሁን ንገሪኝ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ክላይቭ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። ፕሮግራሙን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ከጎኑ አድርጎ፣ ኪኒኑን የሚውጥበትን ሰዓት በእኔ ውድድር ያሰላል። ይህን ጠዋት ከዋጥኩ ለግማሽ ፍጻሜው ያደርሰኛል፤ ያንን ቀትር ላይ ከዋጥኩ ለፍጻሜው ያደርሰኛል። ፍጻሜ መድረሴን ግን አልተጠራጠረም። ለዚህ ለዚህ እኮ ነው የማልቀየመው።

ማንቸስተር ስንደርስ የቬሎድሮሙ፣ የዚያ የብስክሌት መወዳደሪያ አዳራሽ፣ ሽታ ያው ነው፤ የእንጨት፣ የላብና የጡንቻ ቅባት። ከመሙ መሃል ወንበሮቻችንን ዘርግተን ሳንቀመጥ ፖሊን ከወዲያ ማዶ አየችን። ከብራድፎርድ ድረስ የለበሰችውን የሻምፒዮን ማሊያ ገና አላወለቀችም።

«ኖሪን! መጣሽ እንዴ? እኔ እኮ ለሙዚየም የሰጡሽ መስሎኝ!»

«ወስደውኝ ነበር፤ ቦታውን በሙሉ ያንቺ ኮርቻ ይዞት መለሱኝ።»

«ክላይቭ፣ አንተስ? ዘንድሮም ይህችን አሮጊት ልትገፋ?»

«ምን ላድርግ፣ ቁልቁለት ላይ እንኳ ካልገፏት አትነሣም!» አላት። መድኃኒቱ እየሠራለት ነበርና ሳቁ ሳይቀር የድሮው ነው።

ፖሊን እየሳቀች ቀረበች፤ ከዚያ እጁን አየች። የሸሚዙን ኮሌታ አቃናችለትና ሄደች። ያን ጊዜ ወደድኳት፤ ለአፍታ ነው፤ አትቆጪ።

ግማሽ ፍጻሜው በሰላም አለፈ። ተጋጣሚዬ አንዲት ስኮትላንዳዊት ነበረች፤ ክፉ አይደለችም፤ ግን ከወደ መጨረሻው ነፍስ አይቀርላትም። መስመሩ ላይ ክላይቭ ሲይዘኝ ብስክሌቱ ከሥሬ ሞተር የተገጠመለት ይመስል ይርገበገብ ነበር፤ ሆኖም በፊሽካው ለቀቀኝ። አሸነፍኩ። ክላይቭ «አላልኩሽም?» አለ፤ እኔም «ብለኸኛል» አልኩት።

ከዚያ ችግሩ መጣ። በወንዶቹ ውድድር ላይ ሁለት ሽማግሎች ተጋጭተው ወደቁ። ሰዎቹስ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ፤ የመሙ እንጨት ግን ተሰነጠቀ። አናጢዎች ተጠሩ። መጡ፣ አዩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ እንጨት ሊያመጡ ሄዱ። እኛ ብርድ ልብስ ደርበን ቁጭ አልን። ከፔርሙሱ ሻይ ጠጣን፤ ሳንድዊቻችንን ጨረስን፤ መዶሻው ግን አይጨርስም። እኔ የማየው አናጢዎቹን አልነበረም፤ የክላይቭን ፊት ነበር። ቀስ በቀስ ጭምብል መሰለ። ዓይኑን የሚያርገበግብበት ጊዜ ራቀ። መድኃኒቱ እያለቀ ነበር።

«ሌላ ኪኒን ውሰድ።»

«ሰዓቱ አልደረሰም። ደራርቤ ብውጥ እንደ ሸምበቆ እወዛወዛለሁ።»

«እንግዲያው ኢቅባል ይያዘኝ።»

«ኢቅባል?» አለ፤ ድምፁ ራሱ ቀጥኗል። «የኢቅባል እጅ ለመፍቻ እንጂ ለሰው ይሆናል እንዴ?»

«ሰምቼሃለሁ!» አለ ኢቅባል ከጀርባችን። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ክለባችን የገባው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጥጥ ፋብሪካ ማሽን ሲጠግን የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣ ለራሱ ብስክሌት ገዝቶ ከሰባ ዓመት በላይ ካሉት ጋር የሚወዳደር ሰው ነው። የሁላችንንም ብስክሌት በነፃ ይጠግናል፤ በነፃም ይሰድበናል። «እኔ ዝግጁ ነኝ፣ እህቴ» አለኝ።

ክላይቭ ግን ተነሣ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው ተነሣ። «ሥራዬን ልሥራበት» አለ። ምን ልበለው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ተቀመጥ» ልበለው? እግሩ መሬት ላይ እየተጎተተ ወደ መስመሩ ወሰደኝ፤ ወይም እኔ ወሰድኩት።

ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። እግሬን ቆለፍኩ። እጁ ኮርቻዬ ሥር ገባ። ፖሊን ከጎኔ ሆና ወደ ፊት ታያለች። እኔም ወደ ፊት አየሁ። የክላይቭ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል፤ ከእኔ በላይ ያለከልካል።

ፊሽካው ተነፋ። ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ብስክሌቱ አልሄደም። ክላይቭ አልለቀቀም። ሊለቅ ፈልጎ ነበር፤ «ሂጂ፣ ሂጂ» ሲል እሰማዋለሁ፤ ጣቶቹ ግን አልሰሙትም። የፊት ጎማዬ ወደ ጎን ተጠመዘዘና በግራ ዳሌዬ እንጨቱ ላይ ወደቅሁ።

ቀና ብዬ ሳይ ክላይቭ ኮርቻውን እንደጨበጠ ከወደቀው ብስክሌት ጋር አብሮ ጎንበስ ብሎ ቀርቷል። ቀና ማለት አልቻለም፤ መልቀቅም አልቻለም። ኢቅባል የውድድር ልብሱን እስከ ወገቡ እንደከፈተ፣ በካልሲው ሮጦ መጣ። ሲሳደብ አልሰማሁትም። የክላይቭን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቃቸው፤ የዛገ ብሎን እንደሚፈታ ሰው፣ በትዕግሥት። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ያንን አየሁ። ዳሌዬን ረሳሁት።

ዳኛው ሚስተር ኦግደን ጎንበስ ብለው «ወይዘሮ ኖሪን፣ ተጎዱ?» አሉኝ።

«አልተጎዳሁም።»

«ግጥሚያው እንደገና ይጀመራል። ነገር ግን…» ወደ ክላይቭ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያዡ ይቀየር ብል ቅር ይልዎታል?»

ፖሊን ዙሩን ጨርሳ ተመልሳ ነበር። «ዳኛ፣ ጊዜ ይስጧቸው» አለች ከብስክሌቷ ሳትወርድ፣ አጥሩን ተደግፋ። «እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም። በዚህ ዕድሜዬ ወዴት ነው የምቸኩለው?»

ክላይቭን ወደ ወንበራችን ወሰድነው። ውኃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ይቅርታ ቢጠይቀኝ የምቋቋመው አይመስለኝም ነበር።

«ጨረስኩ» አለ።

«ምኑን?»

«መያዙን። ይበቃኛል፣ ኖሪን። ደክሞኛል። አምናም ደክሞኝ ነበር፤ ካቻምናም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያለ እኔ አትነሺማ! ሊንዚ ስትጠይቅሽ ምን አልሻት? ‹እውነቱን ነው› አልሻት።»

«አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነዋ!»

«እኔስ አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ አይደል እንዴ!»

ተፋጠጥን። ሞርፊድ፣ ስንት ዓመት አብረን ኖርን? ሁለታችንም ደክሞን፣ እኔ ለእሱ ስል እሱ ለእኔ ሲል፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር ይህን ሁሉ መንገድ መጣን። ልጮህበትም ልስመውም ፈለግሁ። አንዱንም አላደረግሁም።

«እዚያ ላይ ወንበር አለ» አለ ክላይቭ፣ በአገጩ የተመልካቾቹን ሥፍራ እያሳየኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን መስመሩ ላይ ቆሜ ያየሁት መቀመጫሽን ብቻ ነው። ደግ መቀመጫ ነው፤ አልክድም። ግን ሰው ሁሉ ውድድር ያያል። እኔም እንደ ሰው ቁጭ ብዬ፣ የሥጋ ፓይ እየበላሁ ልይሽ።»

«እናንተ ሰዎች» አለ ኢቅባል፣ «ትዳሩን ቤት ስትገቡ ትጨርሱታላችሁ። ዳኛው ሰዓቱን እያዩ ነው።»

የኢቅባል ሚስት ሩክሳና መጥታ ክላይቭን በክንዱ ያዘችው። ወደ ደረጃው ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው። ቀስ እያሉ ነው፤ ግን ወደ ኋላ አልዞረም።

ኢቅባል እንደ መፍቻ ነው የያዘኝ፤ ክላይቭ እውነቱን ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ አጉተመተመ፤ ፊሽካው ሲነፋ ለቀቀኝ። ፖሊን ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ እንደምታውቂው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ማን ቀድሞ እንደሚፈተለክ እየተጠባበቅን እንሳባለን እንጂ አንሄድም። እሷ አንገቷን አዙራ ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ በመሙ ተዳፋት ቀስ እያልኩ ወደ ላይ፣ ወደ አጥሩ ጥግ እወጣለሁ። ስለ ዳሌዬ አላሰብኩም፤ ስለ ክላይቭም አላሰብኩም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ምንም አላሰብኩም። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከተዳፋቱ ላይ ራሴን ለቀቅኩት። ፖሊን ስትነቃ አልፌአታለሁ። በግማሽ ጎማ አሸነፍኳት።

ቀና ብዬ ክላይቭን ፈለግሁት። ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሏል፤ አንደኛው ላይ ፓዩ አለ፤ መረቁ እስከ ክርኑ ይወርዳል፤ ሩክሳና በመሐረብ ትከተለዋለች።

ፍጻሜው ግን ሁለቴ ላሸነፈ ነው፤ ሁለተኛው ግጥሚያ ላይ ፖሊን ብልህ ሆነች። እኔን ከፊት አስቀድማ፣ ጥላዬ ውስጥ ተጠልላ መጥታ መጨረሻ ላይ ሾልካ አለፈችኝ። ስለዚህ ሦስተኛው ወሳኝ ሆነ። በመሃል ባለው ዕረፍት ዳሌዬ አብጦ ሱሪዬን ወጠረው። ኢቅባል «ተዪው ልበልሽ?» ሲለኝ «በለኝ፤ ግን አልሰማህም» አልኩት። «እንግዲያው ትንፋሼን ለምን አባክናለሁ» ብሎ ያዘኝ።

ሦስተኛውን ባጭሩ ልንገርሽ። ጉልበት እንደሌለኝ ስላወቅሁ ቀድሜ ወጣሁ፤ ከሩቅ ወጣሁ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ከፊት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በቀኜ በኩል የፖሊንን ትንፋሽ ሰማሁ፤ እንደ በሬ ነው የምትተነፍሰው። እግሬ እሳት ሆነ፤ ከዚያ እንጨት ሆነ፤ ከዚያ የእኔ መሆኑም ቀረ። መስመሩን አብረን አለፍን። ማን እንዳሸነፈ እኔም አላወቅሁም፤ እሷም አላወቀችም። ዳኞቹ መስመሩ ላይ የተነሣውን ፎቶ እስኪያዩ ድረስ ጎን ለጎን ዞርን። ፖሊን ሆነች። በጎማ ስፋት።

«ኖሪን» አለች እያለከለከች፣ «ከዛሬ ወዲያ ባልሽን ይዘሽው አትምጪ፤ እሱ ሲቀመጥ አንቺ ትፈጥኛለሽ። ልትገድይኝ ነው።»

ማሊያውን ለአንድ ዓመት ደግሞ እዚያው ኮረብታው ማዶ፣ ብራድፎርድ ወሰደችው። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ውሸት አልጽፍልሽም። ለዚያ ማሊያ ስንት ክረምት ጋራዥ ውስጥ እንደተንቀጠቀጥኩ አንቺ ታውቂያለሽ። በዚህ የዕድሜ ክፍል ስንወዳደር መጀመሪያ አንቺ ነሽ የነሳሽኝ፤ አሁን ፖሊን።

ወደ ተመልካቾቹ አየሁ። ክላይቭን አጣሁት፤ ከዚያ አገኘሁት። ራሱ ወደ ኋላ ተጥሏል፣ አፉ ተከፍቷል፣ የፓዩ ወረቀት ጭኑ ላይ ነው። ተኝቷል። ሩክሳና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ» አለችኝ ከሩቅ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ፣ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ፣ ባሌ የሕፃን እንቅልፍ ተኝቷል። ሊናደድ የሚችል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ቀናሁበት። ሽልማቱን ስቀበል፣ ሰውዬው የብር ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ ሲያጠልቅልኝ፣ የማስበው ያንን ወንበር ነበር።

መኪና ውስጥ ኪኒኑን ዋጠ። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል።

«እንዴት ሆነ?» አለኝ ከከተማው ስንወጣ።

«አላየህም እንዴ?»

«አንዱን አይቻለሁ። ከላይ እንደ ጭልፊት ወርደሽ ስታሸንፊያት። ከዚያ ፓዩን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።»

«በቀሩት በሁለቱ ተሸነፍኩ።»

«እኔ አላየሁማ» አለ። «እኔ ባየሁት አሸንፈሻል።»

በዚህም አላበቃም። «ደግሞ ስትፈጥኚ ግራ ትከሻሽን ትጥያለሽ። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም አልነገረሽም?»

«አሠልጣኜ አንተ ነበርክ!»

«እኔማ ከኋላ ነበርኩ።»

መኪናውን መንገድ ዳር አቆምኩት፤ መሪውን መያዝ አልቻልኩም። ሳቅ ሲይዘኝ አንቺ ታውቂኛለሽ። እሱም ሳቀ። አሁን አሁን ፊቱ አይስቅም፣ ሞርፊድ፤ በሽታው ወስዶበታል፤ ሆዱ ግን ይስቃል፤ ወንበሩ ሲነቃነቅ ይታወቅሻል። መኪኖች ውኃ እየረጩን ሲያልፉ እዚያ ቁጭ ብለን ብዙ ቆየን።

በማግሥቱ ለሊንዚ እውነቱን ነገርናት። ክላይቭ ራሱ ነው የነገራት፦ «እናትሽ ደክሟታል፤ እኔም እሷን መጠበቅ ደክሞኛል» አላት። አሁን ረቡዕ ረቡዕ ሽማግሎች የሚውሉበት ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ሲሄድ እንደ ተማሪ ልጅ አኩርፎ ነበር፤ ሲመለስ ግን ዶሚኖ ተጫውቶ ሁሉንም እንዳሸነፈ ነገረኝ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሲያታልል ማንም አይጠረጥረውም አሉ።

ከርሞ ትወዳደሪያለሽ ወይ ብለሽኛል። አላውቅም። ፖሊን ደግ ሴት ናት፤ ግን በአንቺ መሸነፍ ሌላ ነገር ነበር። በአንቺ ስሸነፍ ማን እንዳሸነፈኝ አውቅ ነበር። ናፍቀሽኛል፤ ስትሄጂ አላልኩሽም፤ ጣቢያው ላይ ስለ ሻንጣሽ ክብደት ብቻ ነው ያወራሁት።

ክላይቭን ረቡዕ አድርሼ ብስክሌቴን መኪና ላይ ጭኜ ቬሎድሮሙ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ረቡዕ መኪናውን አቆምኩና «አንድ አፍታ ልረፍ» ብዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘረጋሁት። ዘበኛው መስታወቱን ሲያንኳኳ ነው የነቃሁት፤ «እመቤት፣ የልምምዱ ሰዓት አልቋል፤ ሁሉም ሄደዋል» አለኝ። በሚቀጥለውም ረቡዕ እንዲሁ ሆነ፤ ዘበኛው አሁን ሰላም ይለኛል። ነገ ደግሞ ረቡዕ ነው። ነገ ምናልባት ብስክሌቱን አወርደው ይሆናል። ካላወረድኩት ግን አትዘኚልኝ፤ ተኝቻለሁ ማለት ነው።

የሊንዚ መኪና በሩ ላይ ቆመ። አንቺም ባለሽበት ጥሩ እንቅልፍ ይስጥሽ፣ የኔ እህት።

ኖሪን